ከፍትፍት ወደ ደረቅ ምግብ፦ የቡቺ ሆድና የቤታችን ስምምነት

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጃችን ከበረንዳ ሆና «እማዬ፣ ቡቺ አስመለሰው!» ብላ ስትጮህ ሁላችንም ከያለንበት ወጣን። ገርጂ ባለው ግቢያችን የበር ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዘሎ የሚነሣው ውሻ ከማደሪያው አጠገብ ተዘርሮ ተኝቷል። ስሙን ስንጠራው ጭራውን የነቀነቀው እንኳ በግድ ነው። ሦስት ቦታ አስመልሷል፤ አጥሩ ሥር ደግሞ እንደ ውሃ የቀጠነ ተቅማጥ አለ።

እኔ ወዲያው የጠረጠርኩት አዲሱን ምግብ ነው። ቡቺ ለሁለት ዓመት ያህል የለመደው ደረቅ ምግብ ቅዳሜ ዕለት አለቀ። ቦሌ ያለው የምንገዛበት ሱቅ ስንሄድ ያ ዓይነት የለም፤ መቼ እንደሚገባም አይታወቅም ተባልን። የበዓል ዋዜማ ስለነበር ብዙ ሳንጠይቅ ከመደርደሪያው ላይ ሌላ ከረጢት አንሥተን መጣን። ማታውኑ ሳህኑን ሞልተን ሰጠነው። ረኃብ እንዳለበት ሁሉ ጥርግ አድርጎ በላው። «ወደደው» ብለን ደስ አለን።

በማግስቱ ክፍት የነበረ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ይዘነው ሄድን። ሐኪሙ የቡቺን ድድ አይቶ፣ ሆዱን ዳብሶ፣ ሙቀቱን ለክቶ ሲያበቃ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ ምን ምን በላ?»

«ደረቅ ምግብ ብቻ» አልኩ በእርግጠኝነት።

እናቴ ከጎኔ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ዶክተር፣ እኔ ደግሞ ትንሽ የዶሮ ወጥ በእንጀራ ፈትፍቼ ሰጥቼዋለሁ። በዓል አይደል እንዴ?»

ልጄ እጄን ይዛ ቀስ ብላ «ዳቦና ብስኩት ሰጥቼዋለሁ፤ ትንሽ ነው ግን» አለች። ለጥበቃችን ስልክ ደወልን። ጋሼም በየዋህነት «ከበጉ ሁለት አጥንት ብቻ ነው የወረወርኩለት፤ ትንንሽ ናቸው» አሉን።

ውሻውን አራት ሰው መግቦታል። አራታችንም ያልነው «ትንሽ» ነው።

ቡቺ ያን ቀን ግሉኮስ ተሰጠው፤ አጥንቱ አንጀቱ ላይ አለመቀርቀሩ በራጅ ታየ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ቀድሞ ነገሩ ተመለሰ። እኛ ግን አንድ ነገር ተምረን ነው የመጣነው። የውሻ ምግብ መቀየር የውሻው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ቤት ውስጥ ውሻን የሚመግበው እጅ ብዙ ስለሆነ መጀመሪያ መስማማት ያለባቸው ሰዎቹ ናቸው።

ሆዱ ለምን ይቀየማል?

ሰው ጠዋት ዳቦ፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ ፓስታ ቢበላ ሆዱ ብዙም አይደነግጥም፤ ዕድሜውን ሙሉ ልዩ ልዩ ምግብ ሲበላ ኖሯልና። አንድ ዓይነት ደረቅ ምግብ ለወራት የበላ ውሻ ግን እንዲህ አይደለም። በአንጀቱ ውስጥ ምግቡን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በቁጥርም በዓይነትም ለዚያ ምግብ የተመቻቹ ናቸው። የስቡ መጠን፣ የሥጋው ዓይነት፣ የእህሉና የአሰሩ ብዛት በአንድ ቀን ሲለወጥ ያልተብላላ ምግብ ወደ ታችኛው አንጀት ይወርዳል። እዚያም ውሃ ይስባል፣ ጋዝ ይፈጥራል። ውጤቱ ተቅማጥና የሆድ መንፋት ነው። አዲሱ ምግብ መጥፎ ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ ጥፋቱ በድንገት መምጣቱ ነው።

ደረቅ ምግብ ራሱ ረጅም ዕድሜ የለውም። ጄምስ ስፕራት የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ እንግሊዝ አገር ሄዶ ለውሻ ብቻ የተዘጋጀ ብስኩት መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ የመጣለት በወደብ ላይ የመርከበኞች ደረቅ ብስኩት የሚቀራመቱ ውሾችን አይቶ ነው ይባላል። ዛሬ የምናየው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ፍሬ ደግሞ ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። የእህልና የሥጋ ዱቄት ውሃና እንፋሎት ገብቶበት በማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ይገፋል፤ ከማሽኑ ሲወጣ እንደ ፈንዲሻ ይነፋል፤ ከዚያ ይደርቅና ላዩ ላይ ስብ ይረጭበታል። ውሻ ሽታውን የሚወደው በዚህ ስብ ምክንያት ነው።

በደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። የቆርቆሮው እርጥብ ምግብ ግን ከ75 እስከ 80 በመቶ ውሃ ነው። ስለዚህ ፍትፍት ሲበላ የኖረ ውሻ ወደ ደረቅ ምግብ ሲሻገር ከቀድሞው የበለጠ መጠጣቱ አያስገርምም። ንጹሕ ውሃ ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አይጥፋ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች ደግሞ ከጀሪካኑ የቡቺን ድርሻ ማስቀረት ይገባል።

የመጨረሻው ኪሎ

ቦሌ፣ ገርጂ፣ ሲኤምሲ፣ ሰሚትና አያት አካባቢ ውሻ የሚያሳድጉ ቤተሰቦች የሚያውቁት አንድ ችግር አለ። የለመዱት ዓይነት አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነውና የምንዛሪው ነገር ይነካዋል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ ብዙ ቤተሰብ የውሻውን ምግብ የሚቀይረው ፈልጎ ሳይሆን ተገዶ ነው። አንዱ ስለጠፋበት፣ ሌላው ስለተወደደበት ይቀይራል።

ገበያውን ማዘዝ አንችልም። አንድ ነገር ግን በእጃችን ነው፤ ከረጢቱ ሳያልቅ መሄድ። ክብደቱ 20 ኪሎ ለሆነ ውሻ የአንድ ሳምንት ሽግግር ከድሮው ምግብ የሚፈልገው አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻ ኪሎ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡና አዲሱን ይግዙ። እኛ ቅዳሜ ዕለት የሠራነው ስሕተት የከረጢቱን ሥር አራግፈን መጨረሳችን ነው።

ሰባቱ ቀናት

የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት አካሄድ ቀላል ነው፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። የቀኑን ምግብ አራት እጅ አድርገው ያስቡት።

በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን ሦስት እጅ የድሮው፣ አንድ እጅ አዲሱ ይሁን።

በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን እኩል በእኩል።

በአምስተኛውና በስድስተኛው ቀን አንድ እጅ የድሮው፣ ሦስት እጅ አዲሱ።

በሰባተኛው ቀን ሙሉ በሙሉ አዲሱ።

በየደረጃው ዓይነ ምድሩን ይመልከቱ። ትንሽ ከለሰለሰ ወደ ቀጣዩ ደረጃ አይሂዱ፤ እዚያው ላይ ሁለት ቀን ይቆዩ። ከቀጠነ አንድ ደረጃ ይመለሱ። ላረጀ ውሻ፣ ሆዱ ቶሎ ለሚታወክና በተለይም ዕድሜውን ሙሉ የቤት ፍትፍት ሲበላ ለኖረ ውሻ ሁለት ሳምንት ይስጡት። እንዲህ ላለው ደረቁን ፍሬ ለብ ባለ ውሃ ለሩብ ሰዓት ያህል ነክሮ ማለስለስ ይረዳል። ወተት አይጨምሩበት፤ ብዙ ትልልቅ ውሾች የወተትን ስኳር ማብላላት ስለማይችሉ ተቅማጡን ያብሰዋል።

የድሮው ምግብ ጨርሶ ካለቀስ? በጥቂቱ ይጀምሩ። አዲሱን ደረቅ ምግብ ከተቀቀለ ሩዝና አጥንት ከሌለው የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ ጋር ቀላቅለው፣ ጨው፣ ዘይትና ቅመም ሳይነካው፣ በትንሽ በትንሹ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይስጡት። ከዚያ በየቀኑ ሩዙን እየቀነሱ ደረቁን ይጨምሩ።

ስንት ልስጠው?

ብዙ ሰው ሳህኑን በዓይኑ ገምቶ ነው የሚሞላው። የአዲሱ ምግብ ጉልበት ግን ከድሮው ሊለይ ይችላል፤ ስለዚህ የለመዱት መጠን ለአዲሱ ላይሠራ ይችላል። አብዛኛው ደረቅ ምግብ በ100 ግራም ከ350 እስከ 400 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። በዚህ ስሌት፣ ብዙ የማይሮጥ 10 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ውሻ በቀን ከ160 እስከ 180 ግራም፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ ከ270 እስከ 300 ግራም ያህል ይበቃዋል። ትክክለኛው መጠን ከከረጢቱ ጀርባ በሰንጠረዥ ተጽፏል፤ ከዚያ ይነሡና ውሻው ሲወፍር መቀነስ፣ ሲከሳ መጨመር ነው። የጎድን አጥንቱ በእጅ ሲዳበስ የሚገኝ፣ በዓይን ግን ጎልቶ የማይታይ ከሆነ መጠኑ ጥሩ ነው።

የውሻውን ክብደት ለማወቅ ክሊኒክ መሄድ የግድ አይደለም። በቤት ሚዛን መጀመሪያ ብቻዎን ይውጡ፣ ቀጥሎ ውሻውን ታቅፈው ይውጡ፣ ከዚያ ይቀንሱ። ልጆች ይህን ሒሳብ ይወዱታል።

ቡችላ ካለ ግን የተለየ ነው። ዓመት እስኪሞላው ድረስ ለቡችላ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ያስፈልገዋል። እንደ ጀርመን ሼፐርድ ያሉ ትልቅ የሚሆኑ ዝርያዎች ደግሞ ለትልቅ ዝርያ ቡችላ የሚለውን ይፈልጋሉ። «አጥንቱ እንዲጠነክር» ብሎ ካልሲየም መጨመር ለእነዚህ ይጠቅማል ተብሎ ቢታሰብም፣ ሲበዛ የአጥንታቸውን ዕድገት ያዛባል።

ጾምና ፍስክ በውሻ ሳህን

ከክሊኒኩ ስንመለስ እናቴ መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና «እኛ ስናድግ ለውሻ ማን ከረጢት ገዛ? ያው ከማዕድ የተረፈውን በልቶ ነው ግቢ የሚጠብቀው። ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለች። አልተሳሳተችም። ብዙ የአገራችን ውሻ ያደገው እንዲሁ ነው። ችግሩ የማዕዱ ትራፊ እንደ ቀን መቁጠሪያው የሚቀያየር መሆኑ ነው።

እስቲ አስቡት። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመኛ ቤት ውስጥ ከማዕድ የሚተርፈው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ውሻው ሁለት ወር ገደማ ያንን ሲበላ ይቆይና በፋሲካ ሌሊት በአንዴ የዶሮ ወጥ፣ የበግ ቅንጥብጣቢና አጥንት ይወርድለታል። ይህ ከአንድ ከረጢት ወደ ሌላው ከመሻገር እጅግ የባሰ ድንገተኛ ለውጥ ነው። ብዙ ስብ በአንዴ ሲገባ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል፤ የቆሽት ቁጣ ደግሞ ውሻን ሊገድል የሚችል ሕመም ነው።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ሽንኩርቱ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። ቢበስሉም፣ ዱቄት ቢሆኑም ያው ናቸው። ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት የበላ ውሻ ደሙ ላይ ጉዳት ሊደርስ ይችላል። ለ10 ኪሎ ውሻ ይህ ከ150 እስከ 300 ግራም መሆኑ ነው። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በየቀኑ በጥቂቱ መስጠትም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ውሻው ይደክማል። ያን ጊዜ ደግሞ ማንም የበዓሉን ፍትፍት አያስታውሰውም።

እናቴ ይህን ስትሰማ ደነገጠች። «እንግዲህ ሽሮውም ሽንኩርት አለበት በለኛ!» አለች ሐኪሙን ያገኘች ያህል። አዎ፣ ሽሮውም አለበት። ደረቁ ምግብ ለጾመኛ ቤት የሚመች ጥሩ ጎን ያለው እዚህ ላይ ነው። ውሻው ጾም የለበትም፤ ቤቱ ግን በጾም ሥጋ ማብሰል የለበትም። ከረጢቱ ሁለቱንም ያስታርቃል። በጾምም በፍስክም ሳህኑ ውስጥ ያለው አንድ ዓይነት ይሆናል።

ከሽንኩርት ሌላ በየቤታችን የሚገኙ ለውሻ መርዝ የሆኑ ነገሮች አሉ። ዘቢብና ወይን ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ቸኮሌት፣ እንዲሁም ከጀበና የሚደፋው የቡና አተላ ልቡንና ነርቩን ያውካሉ። ያልተጋገረ ሊጥ ሆዱ ውስጥ ኩፍ ይላል። ስኳር አልባ በሆኑ ማስቲካዎች ውስጥ የሚገባው ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ የደሙን ስኳር በፍጥነት ያወርዳል። የበሰለ አጥንት፣ በተለይ የዶሮ፣ ተሰንጥቆ አንጀት ይበሳል።

ከሥጋ ቤት የሚመጣው ሳንባ

ከደረቅ ምግብ ርካሽ ነው ተብሎ ከሥጋ ቤት ወይም በቅርጫ ከታረደው በሬ ሳንባና ጉበት በጥሬው ለውሻ መስጠት የተለመደ ነው። ይህ ልጅ ባለበት ቤት መቅረት አለበት። በአገራችን በሚታረዱ በጎችና ከብቶች ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት መሳይ ነገር ይገኛል፤ በቄራዎች ብዙ ሳንባና ጉበት የሚጣልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በከረጢቱ ውስጥ ያለው የአንድ ትንሽ የትል ዓይነት እጭ ነው። ውሻ ጥሬውን ሲበላ ትሉ በአንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፤ ፀጉሩም ላይ ይቀራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ዳቦ ሲበላ እንቁላሉን ይውጠዋል። ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ ብሎ ያድጋል፤ አንዳንዴ የሚወጣው በቀዶ ሕክምና ነው።

ውሻውን የሚያሳምመው ስለማይመስል ማንም አይጠረጥርም። መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ ጥሬ የሆድ ዕቃ አለመስጠት፣ ከተሰጠም በደንብ መቀቀል፣ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ የትል መድኃኒት ማዋጥና የልጆችን እጅ በሳሙና ማስታጠብ።

ከረጢቱን ማንበብ፣ ከረጢቱን መጠበቅ

ሲገዙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሆነና ሙሉና የተመጣጠነ ዕለታዊ ምግብ ስለመሆኑ የተጻፈውን። ማሟያ ብቻ ከሆነ ለዕለት ምግብ አይበቃም። ሁለተኛ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው፤ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። ሦስተኛ፣ ከረጢቱ ያልተቀደደና ያልረጠበ መሆኑን።

ተከፍቶ በኪሎ የሚሸጠው ዋጋው ይማርካል። ግን መቼ እንደተከፈተ፣ የት እንደቆየ አይታወቅም፤ የተመረተበት ቀንና መለያ ቁጥሩም አብሮት አይመጣም። እርጥበት የነካው እህል ሻጋታ ያበቅላል፤ አንዳንዱ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። ይህ ስም ለአዲስ አበባ ወላጆች እንግዳ አይደለም፤ ከዓመታት በፊት በከተማዋና በዙሪያዋ በላም ወተት ላይ ተገኝቶ፣ ከኑግ ፋጉሎ ጋር ተያይዞ ብዙ ያነጋገረን ያው አፍላቶክሲን ነው። ውሻ ለዚህ መርዝ በጣም ስስ ነው፤ ጉበቱን ያጠፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ በአንድ አምራች ደረቅ ምግብ ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቶ ምርቱ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ከ110 በላይ ውሾች መሞታቸው ለአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሪፖርት ተደርጓል። ቁጥጥር በጠበቀበት አገር ይህ ከደረሰ፣ እኛ ቢያንስ ከረጢታችንን ማወቅ አለብን።

ቤት ሲገባ ምግቡን በራሱ ከረጢት ውስጥ እንዳለ አፉን አጥብቀው አስረው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ፣ ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። በተለይ በክረምት ከሲሚንቶ ወለል የሚነሣው ርጥበት ያበላሸዋል። ከተከፈተ በስድስት ሳምንት ውስጥ ቢያልቅ ጥሩ ነው። 15 ኪሎ ከረጢት ለ20 ኪሎ ውሻ ከሰባት ሳምንት በላይ ይቆያል፤ ስለዚህ ውሻዎ ትንሽ ከሆነ ትንሹን ከረጢት መግዛት ይሻላል። ሽታው ከተቀየረ ወይም ውሻው የለመደውን ምግብ ድንገት እምቢ ካለ አያስገድዱት፤ ከእኛ በፊት አፍንጫው ያውቃል።

ጥፋተኛው ምግቡ ላይሆን ይችላል

ምግብ በተቀየረበት ሳምንት የመጣውን ሕመም ሁሉ በምግቡ ማሳበብም አደገኛ ነው። ዓይነ ምድሩ ለአንድ ሁለት ቀን ቢለሰልስና ውሻው የሚጫወት ከሆነ መታገስ ይቻላል። ደም ካለበት፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ውሃ ካልጠጣ፣ ከፈዘዘ ግን ወደ ሐኪም ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ቢያስመልሰውና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ቢይዘው ፓርቮ የተባለው ቫይረስ ሊሆን ስለሚችል ማደር የለበትም።

ሌላው ከሁሉ የከፋ ነው። ውሻ መብላት ትቶ፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ፣ መዋጥ ሲያቅተው ያየ ሰው «አጥንት ተሰክቶበት ነው» ብሎ እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ይህ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል። እጅዎን ወደ አፉ አይስደዱ፤ ልጆችን ያርቁ፤ ሐኪም ይጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስል የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ያኔውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የሚሰጠው ክትባት ግን ያድናል። ከደረቅ ምግብ ሁሉ በፊት የውሻው ዓመታዊ ክትባት መቅደም ያለበት ለዚህ ነው።

የእማማ ሲኒ

ሰው በኑሮ ውድነት እየተጨነቀ ለውሻ ይህን ያህል መጨነቅ ተገቢ ነው ወይ የሚል አንባቢ አይጠፋም። በእኛም ቤት ተነሥቷል። መልሳችን ይህ ነው፦ ግቢያችን ውስጥ ካስገባነው፣ ልጃችን ካቀፈችው፣ ኃላፊነቱ የእኛ ነው። ከውጭ የመጣ ከረጢት መግዛት ግዴታ አይደለም። የማይችል ቤተሰብ ሽንኩርትና ቅመም ሳይነካው ከወጡ በፊት ለይቶ ሩዝ፣ ሥጋ ወይም እንቁላል መቀቀል ይችላል፤ ምን ያህል ይበቃዋል የሚለውን ሐኪም ያማክር። የትኛውም ቢመረጥ ግን መቀየሩ ቀስ ተብሎ ይሁን። ለአንድ የችኮላ ቅዳሜ ማታ እኛ ለክሊኒክ የከፈልነው ከአዲሱ ከረጢት ዋጋ ይበልጥ ነበር።

ቡቺ ሲሻለው ሽግግሩን እንደገና ጀመርን። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የተሰበሰብነው እኛ ነን። ማቀዝቀዣው ላይ ሰባት ቀን የተሠመረበት ወረቀት ለጠፍን፤ ልጄ በየቀኑ ምልክት ታደርጋለች። ጋሼ አጥንት ላለመስጠት ቃል ገቡ፤ «እሱ ግን አሁን በምን ይወደኛል?» ብለው ሲቀልዱ፣ የማታውን ሳህን የማቅረብ ሥራ ለእሳቸው ሰጠናቸው። ልጄ ብስኩቱን በመተው ፈንታ ከዕለት ድርሻው ላይ አሥር ፍሬ እየቆጠረች ለጨዋታ ትሰጠዋለች።

የከበደው የእናቴ ነበር። ለእሷ መመገብ ማለት መፈትፈት ነው፤ ልጆቿንም የልጅ ልጇንም ያሳደገችው በእጇ ነው። «አትስጪው» ብንላት ከቤቱ ያራቅናት ያህል ይሰማታል። ስለዚህ መለኪያውን ለእሷ ተውንላት። አንድ የድሮ የቡና ሲኒ አወጣች፤ ከሥጋ ቤቱ ሚዛን ላይ አስመዘንነው፤ ስንት ሲኒ የድሮው፣ ስንት ሲኒ አዲሱ እንደሚገባ ወረቀቱ ላይ ተጻፈ። ጠዋት ጠዋት ቆጥራ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሳ፣ በእጇ አማስላ ታቀርብለታለች።

በአምስተኛው ቀን ዓይነ ምድሩ መለስለሱን ከሁላችን በፊት ያየችው እሷ ናት። «ዛሬ ወደሚቀጥለው አንሄድም፤ ትናንት በነበረው ይቆይ» አለችን። ሁለት ቀን ቆየን። በዘጠነኛው ቀን ቡቺ ሙሉ በሙሉ አዲሱን በላ፤ ማታ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ዘሎ ተነሣና ሰፈሩን በጩኸት ቀወጠው።

እናቴ ከመስኮቱ አየችውና «በበላበት ጮኸ» አለች።